ቆስለው ምሽጋቸውን አልለቅም ያሉት ግራዝማች አፈወርቅ፦ የቆራሄው ውሳኔ ትክክል ነበር?

ዘኦጋዴን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመላው አባላት። በ1928 ዓ.ም. ስለተደረገው ጦርነት በዚህ መድረክ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በሰሜኑ ግንባር ላይ ያተኮረ ነው። ማይጨው፣ ተንቤን፣ አምባ አራዶምና ሽሬ በተደጋጋሚ ይነሣሉ፤ ጦርነቱን የለኮሰው የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የደረሰበት የኦጋዴን ምድር ግን ከመግቢያው በኋላ ይዘነጋል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በዚያ ግንባር የወደቁ አንድ ወታደር ያሳለፉትን ውሳኔ ነው። እኚህ ሰው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ይባላሉ፤ የደጃዝማችነቱ ማዕረግ የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ግራዝማች አፈወርቅ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቆራሄ ጦር አዛዥ ነበሩ። ቆራሄ ከጣሊያን ሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ደጋሃቡርና ወደ ጅጅጋ የሚያልፈውን መንገድ የሚጠብቅ፣ የውኃ ጉድጓድ ያለው ስፍራ ነበር። በዚያ በረሃ ውኃውን የያዘ መንገዱንም ይይዛል። ቀደም ሲል የሶማሌው የደርቪሽ ንቅናቄ መሪ ሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን ያሠሩት የድንጋይ ምሽግ እዚያው ቆሞ ስለነበር፣ የመንግሥት ጦር ምሽጉን ማዕከል አድርጎ በዙሪያው ጉድጓድ ቆፈረ። አዛዡ በሥራ የማይደክሙ፣ በሥነ ሥርዓትም ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ከአየር የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው ስለተረዱ ወታደሩን ወደ መሬት አስገብተው፣ ምሽጉንም በሚቻለው ሁሉ ሸሽገው ጠበቁ። የነበራቸው መሣሪያ ጠመንጃ፣ ጥቂት መትረየስና አንድ ኦርሊኮን የተባለ የስዊዝ ሥሪት ጸረ አውሮፕላን መድፍ ሲሆን፣ ይህን መድፍ በአሮጌው ምሽግ ግንብ ላይ አስተከሉት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን በይፋ ወረራውን ከጀመረ በኋላ በደቡብ በኩል የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ገርሎጉቢንና ሌሎች ስፍራዎችን እየያዘ ወደ ቆራሄ ቀረበ። በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በቆራሄ ላይ ከባድ ድብደባ አደረሱ። ግራዝማች አፈወርቅ በዚያ ሰዓት የአዛዥነት ክብሬ ይጠበቅልኝ ብለው ወደ ጉድጓድ አልገቡም። ግንቡ ላይ ወጥተው መድፉን በእጃቸው ይዘው ይተኩሱ ነበር፤ የቦምብ ፍንጣሪ ያገኛቸውም እዚያው ነው።

የምንወያይበት ነጥብ ከዚህ ይጀምራል። ቁስላቸው ከባድ ስለነበር ወደ ሐረር ሄደው እንዲታከሙ ተለመኑ፤ እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። ምክንያታቸው እኔ ከሄድኩ ጦሩ ይበተናል የሚል ነበር። ቁስሉ መርቅዞ እስኪበሰብስ ድረስ በዚያው ቆዩ። በመጨረሻ ራሳቸውን ስተው ወደ ደጋሃቡር ሲወሰዱ ሞቱ። የፈሩትም አልቀረም፤ አዛዡ ከወደቁ በኋላ ጦሩ ምሽጉን ለቆ ወደ ሰሜን አፈገፈገ፣ ጣሊያኖችም ያን ሁሉ ጊዜ የተዘጋጀ ምሽግ ያለ ብዙ ችግር ያዙት።

ከዚህ ተነሥተው ሁለት ዓይነት ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዳንዶቹ መቆየታቸው ከንቱ መሥዋዕትነት ነበር፤ ታክመው ቢድኑ ለቀጣዩ ውጊያ ይተርፉ ነበር ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጀግንነቱን አወድሰው ውሳኔውን ሳይመረምሩ ያልፋሉ። እኔ ሁለቱም አያረኩኝም። በእሳት ውስጥ መድፍ መተኮስ ትልቅ ድፍረት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ይሁን እንጂ የደም ግለት በሚያግዝበት ሰዓት የሚፈጸም ድፍረት ነው። ድብደባው ካለፈ በኋላ፣ ሕመሙ በተሰማ ጊዜ፣ መኪናው ቆሞ እየጠበቀ አልሄድም ማለት ግን ከዚያ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚያዙትን ጦር ጠባይ ጠንቅቀው አውቀው፣ ሕይወታቸውን በዚያ ዕውቀት መዝነው የወሰኑት ነው። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?


የሐረሩ ልጅ

ጽሑፉን ስላቀረቡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ የግራዝማች አፈወርቅን ስም በአክብሮት ሲያነሣ ሰምቻለሁ፤ አሁን ካለሁበት አሜሪካ ለተወለዱ ልጆቼ ስለ ማን እንደምነግራቸው ስለማውቅ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ለመጨመር ያህል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጅጅጋ ድረስ ወርደው ግንባሩን ጎብኝተዋል፤ ለግራዝማች አፈወርቅ የደጃዝማችነት ማዕረግ የሰጡትም በዚያ ጊዜ ነው። ቦታቸውን ጥለው ከሸሹት አለቆች መካከልም ለፍርድ ቀርበው የተቀጡ ነበሩ።


የቀዶ ሕክምና ነርስ

እኔ ከሙያዬ አንጻር አንድ ነገር ላስረዳ። «ታክመው ቢድኑ» የሚለው አባባል በዚያን ዘመን ሕክምና ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር ሳይመረመር የሚነገር ነው።

በቦምብ ፍንጣሪ የሚደርስ ቁስል በጥይት ከሚደርሰው በብዙ ይለያል። ፍንጣሪው ሥጋን ቀዶ ሲገባ አፈር፣ የልብስ ቁራጭና በአካባቢው ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ይገባል። ጋንግሪን የሚባለውን የሥጋ መበስበስ የሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የሚራቡትም አየር በማይደርስበት፣ ደም በተቋረጠበት የሞተ ሥጋ ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐኪሞች የተማሩት ትልቁ ትምህርት እንዲህ ያለው ቁስል በሰዓታት ውስጥ ተከፍቶ፣ የሞተው ሥጋ ሁሉ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ሳይሰፋ መቆየት እንዳለበት ነበር። ከዘገየና መበስበሱ ከተሰራጨ፣ ቁስሉ እጅ ወይም እግር ላይ ከሆነ አካሉን ከመቁረጥ በቀር ተስፋ አይኖርም። ፔኒሲሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ቢገኝም ለቁስለኛ ወታደር በስፋት የደረሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው።

አሁን ካርታውን እንመልከት። ከቆራሄ እስከ ሐረር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ነው፤ መንገድ የምለውም ጥርጊያውን ነው። ጥቅምትና ኅዳር በኦጋዴን የዝናብ ወራት በመሆናቸው ጥርጊያው ጭቃ ይሆናል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ራሱ የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። በደጋሃቡር ያገለግሉ የነበሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሆክማን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ያልፈነዳ ቦምብ ለማምከን ሲሞክሩ ሞቱ፤ በግንባሩ የነበረው የሐኪም ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ለሚያስብ ሰው የአንድ ሐኪም ሞት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ግራዝማች አፈወርቅ በቆሰሉበት ቀን ወዲያው ቢነሡ የመዳን ዕድል ነበራቸው፤ ሰፊ ግን አልነበረም። ከአንድ ቀን በኋላ ዕድሉ በጣም ጠበበ። ይህን የምለው ውሳኔያቸው ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። በሚዛኑ በአንድ ወገን የተቀመጠው የተረጋገጠ ሕይወት እንዳልነበረ ለማሳየት ብቻ ነው።


ሻምበል (ጡረተኛ)

ለጀግናው ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ እገልጻለሁ። ቢሆንም ክሩ የተከፈተው ውሳኔውን እንድንመረምር ስለሆነ፣ እኔ የማልስማማበትን ነጥብ በግልጽ አስቀምጣለሁ።

በእኛ ጊዜ በጦር ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ፣ አዛዥ ሲወድቅ ትእዛዙ እንዳይወድቅ ማድረግ የአዛዡ የራሱ ግዴታ መሆኑ ነበር። ውጊያ ሳይጀመር ምክትሉ ይታወቃል፤ ከምክትሉ ቀጥሎ ያለው ይታወቃል፤ እስከ ጓድ መሪ ድረስ ሁሉም የበላዩ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ ይነገረዋል። ለኮሪያ ዘመቻ በ1943 ዓ.ም. የተላኩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ፣ በዚህ ሥርዓት የሠለጠኑ ነበሩ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው በተዋጉበት ጊዜ ከ120 በላይ ሰው ቢሞትባቸውም አንድም ምርኮኛ ለጠላት አልሰጡም። እዚያም መኮንኖች ወድቀዋል፤ ከሥራቸው ያለው ባለ ማዕረግ ቦታቸውን ይተካ ስለነበር ግን ክፍሉ አልተበተነም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሺዎች የሚቆጠር ጦር በአንድ ሰው እስትንፋስ ላይ እንዲንጠለጠል ለምን ተደረገ? ግራዝማች አፈወርቅ «እኔ ከሄድኩ ይበተናል» ማለታቸው ትክክለኛ ግምት ነበር፤ ሆኖም ያ ግምት ራሱ የአዛዥነታቸውን ጉድለት ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ጉድጓድ ለማስቆፈር የዋለው ያ ሁሉ ትጋት ሁለት ጠንካራ ምክትሎችን ለማዘጋጀትም ቢውል ኖሮ፣ ምሽጉ ከእርሳቸው በኋላ ጥቂት ቀናት ይቆም ነበር።


መምህር

ሻምበል፣ ያነሡት ነጥብ ከባድና ተገቢ ነው። ቢሆንም የ1943ን ሚዛን ወስደን 1928 ላይ መፍረድ ያስቸግረኛል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር የተሰባሰበው በሰው ዙሪያ ነበር። ወታደሩ ያደረው ለጌታው፣ የበላው ከጌታው እጅ፣ የዘመተውም የጌታውን ነጋሪት ሰምቶ ነው። ጌታው ሲወድቅ የሚቀረው የትእዛዝ ሰንሰለት ስላልነበረ ሬሳውን ይዞ ወደ አገሩ መመለስ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ እንዲያውም የጌታን አስከሬን ለጠላት አለመተው የታማኝነት ምልክት ነበር። ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው መተማን ያስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር የደርቡሾችን ምሽግ ሰብሮ መግባት ጀምሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መመታታቸው በተሰማ ጊዜ በእጅ የገባ ድል ተለቆ ጦሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስ የነበራቸው የራስና የደጃዝማች ብዛት፣ የተዋጊው ብርታትም አንድ ግራዝማች በቆራሄ ከነበራቸው ጋር አይነጻጸርም፤ ሆኖም ውጤቱ ያው ሆነ።

እኔ እንደሚገባኝ ግራዝማች አፈወርቅ በሁለት ዘመናት መካከል የቆሙ ሰው ነበሩ። ምሽጉን ያዘጋጁት፣ ጦሩን ከአየር ጥቃት የሸሸጉት፣ መድፉን የተጠቀሙበት በአዲሱ ዘመን ዕውቀት ነው። የተሰጣቸው ሠራዊት ግን የአሮጌው ዘመን ሠራዊት ነበር። በክቡር ዘበኛና በሆለታ ዘመናዊ ሥልጠና ያገኘው ሰው ከመላው ሠራዊት አንጻር ጥቂት ነበር፤ የሆለታው የጦር ትምህርት ቤትም ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ የጠረፍ አዛዥ በጥቂት ወራት ውስጥ የብዙ መቶ ዓመት ልማድ ሊቀይር አይችልም። ልማዱን ካወቀ ግን ልማዱን ተጠቅሞ ምሽጉን ማቆየት ይችላል፤ ያም ማለት ራሱን ምሰሶ አድርጎ መቆም ነው። ያደረጉትም ይህንኑ ነው።


ፋፈን

እኔ የተወለድኩት ከቆራሄ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። አንድ የጎደለ ነገር ላሟላ። በዚያ ግንባር ከኢትዮጵያ ወገን የተዋጉት ከደጋ የመጡ ብቻ አልነበሩም። ቀደም ሲል በጣሊያን ሶማሊያ በኤል ቡር የጣሊያንን አገዛዝ ተዋግተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ዑመር ሰመተር ከነተከታዮቻቸው በዚህ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጋር ተሰልፈዋል፤ ጣሊያኖች ከወልወል ግጭት ጋር አያይዘው በብርቱ ከከሰሷቸው ሰዎችም አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ ዱባት የሚባሉት፣ በጣሊያን ሥር የተቀጠሩ የሶማሌ ተዋጊዎች ነበሩ። አንድ ጎሳ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ተታኩሷል። ስለ ቆራሄ ጀግንነት ስንጽፍ እነዚህም እንዲታሰቡ እለምናለሁ።


ዘኦጋዴን

ወንድሜ ፋፈን፣ ማሟያዎ በጣም አስፈላጊ ነው። ዑመር ሰመተር ራሳቸውን የቻለ ክር ይገባቸዋል።

ሻምበልንና መምህርን በሚመለከት፣ ሁለታችሁም አንድ ነገር ላይ የተስማማችሁ ይመስለኛል፤ ጦሩ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ድክመት ነበር። ልዩነታችሁ ድክመቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። እኔ ለዚህ የምጨምረው ስለ አየር ድብደባው ነው። በቆራሄ ከነበሩት ወታደሮች አብዛኛዎቹ ከዚያ ጦርነት በፊት ከአውሮፕላን ቦምብ ሲወርድ አይተው አያውቁም። ጠላትን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ፎክሮ፣ ጎራዴ መዝዞ መግባት ያደጉበት ጀግንነት ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ፣ የማይደረስበት፣ መልስ የማይሰጡት ሞት ግን ያንን ጀግንነት ከንቱ ያደርገዋል። ሰው ወደ ጠላቱ መሮጥ ሲከለከል ወደ ኋላ መሮጥ ይቃጣዋል። አዛዡ ግንቡ ላይ ወጥተው በኦርሊኮኑ መተኮሳቸው ስንት አውሮፕላን ጣለ የሚለው ለእኔ ዋናው ጥያቄ አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መሬት የሚንቀጠቀጥበት ወታደር፣ ከወገን በኩል ወደ ሰማይ የሚመልስ ድምፅ እየሰማ ነው፤ የሚመልሰውም አለቃው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ጦሩ ቆመ።

ከዚህ አንጻር ሳየው ቆስለው ለመቆየት የወሰኑት ውሳኔ መድፉን ለመያዝ ከወሰኑት ውሳኔ የተለየ አይደለም። አለቃው ካለ እኛም አለን የሚለውን የወታደሩን እምነት አስቀድመው በተግባር አጽንተውታል፤ ስለዚህ በቃሬዛ ሲወጡ ቢታዩ የሚሆነውን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።


ሻምበል (ጡረተኛ)

ዘኦጋዴን፣ የአየር ድብደባውን በሚመለከት የጻፉትን እቀበላለሁ። እኔም በአገልግሎት ዘመኔ በምሥራቅ ግንባር ከአየር ተደብድቤ አውቃለሁ፤ መልሶ የሚተኩስ ወገን መኖሩ ለእግረኛ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ስለ ምክትል ያነሣሁትን ነጥብ ግን አልተውም፤ መምህር እንዳሉት ልማዱ የዘመኑ ቢሆንም፣ ልማዱን ያወቀ ሰው ለእሱ መድኃኒት የማዘጋጀት ዕድልም ነበረው።


የሐረሩ ልጅ

ከቆራሄ በኋላ ምን ሆነ የሚለው አልተነሣም። ጣሊያኖች ቆራሄን እንደያዙ በኮሎኔል ማሌቲ የሚመራ የሞተር ጦር የሚያፈገፍገውን ወታደር እያሳደደ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ያ ጦር አናሌ በተባለው ስፍራ ከደጋሃቡር በኩል ከመጡት ከፊታውራሪ ጎንጎል ሰዎች ጋር ተገናኝቶ ብርቱ ውጊያ ተደረገ፤ በውጊያውም የጣሊያን ታንኮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ፣ ማሳደዱም ቆመ። ከዚያ በኋላ በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የሚታዘዘው የኦጋዴን ግንባር እስከ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ድረስ አልተሰበረም። ሐረር የተያዘችው ዋና ከተማዪቱ ከተያዘች በኋላ ነው።

ይህን የማነሣው ቆራሄ የወደቀችበት ጊዜ ለውጥ ማምጣቱን ለማሳየት ነው። ጦሩ ግራዝማች አፈወርቅ በቆሰሉበት ቀን ተበትኖ ቢሆን ኖሮ፣ ማሌቲ አናሌ ላይ የሚያቆመው ሰው ሳይደርስ ወደ ደጋሃቡር የሚወስደው መንገድ ክፍት ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ያ የተገኘ ጊዜ በቀን ሲቆጠር ጥቂት ነው፤ በጦርነት ግን ከደጋሃቡር የሚነሣ ረዳት ጦር ለመድረስ የሚያስፈልገው ያው ጥቂት ቀን ነው።


ሻምበል (ጡረተኛ)

ይህ የመጨረሻው ነጥብ አሳማኝ ነው። አዛዥ በቁስሉ ላይ ሆኖ የሚገዛው ጊዜ ለረዳት ጦር መድረሻ የሚውል ከሆነ፣ ውሳኔው ስሜት ብቻ ሳይሆን የውጊያ ስሌትም አለበት። ስለ ምክትሉ ያለኝ ሐሳብ እንዳለ ሆኖ፣ መቆየታቸው ከንቱ ነበር ከሚሉት ጋር አልሰለፍም።


የቀዶ ሕክምና ነርስ

አንድ ነገር ላክል። ጋንግሪን ሕመሙ ከፍተኛ ነው። ትኩሳቱ ይወጣል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰዓታት ድረስ አእምሮው ንጹሕ ሆኖ የሚደርስበትን ያውቃል። ስለዚህ ራሳቸውን እስኪስቱ ድረስ በነበሩት ቀናት «ውሰዱኝ» ለማለት የሚያስችል አእምሮም፣ ጊዜም ነበራቸው። ውሳኔውን አንድ ጊዜ ወስነው የጨረሱት አይመስለኝም፤ በየሰዓቱ እንደገና የወሰኑት ነው።


ፋፈን

ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም እዚያ ወድቀዋል፤ ለሁሉም ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ዘኦጋዴን፣ ስለ ዑመር ሰመተር ክር ለመክፈት ካሰቡ ከኤል ቡር በ1918 ዓ.ም. ከተነሣው ዐመፅ ቢጀምሩ መልካም ነው። እኔም ከአካባቢው ሽማግሌዎች የሰማሁትን አዋጣለሁ።